የማንም አይደለም

ሐጂ ሸረፋ ከገጠር መጥተው ልደታ በእህታቸው ልጅ ቤት ያረፉ ዕለት፣ ከሊፋ የአጎቱን ዓይን ላለማየት ጫማቸውን ደጋግሞ ሲያስተካክል አመሸ። ጥፋቱን የሚያውቅ ሰው ሥራ አያጣም።

የመጡት ለደኑ ነው። አያት ቅድመ አያት ጠብቀው ያቆዩት የጋራ ደን ነው፤ ምንጩም የእንሰቱ ማሳም የሚኖሩት በእሱ ነው። አንዱ ባለጌ መጥረቢያ ይዞ ሲገባ ያየ ሁሉ «የማንም አይደለም!» ብሎ ይጮህበታል። ያንተም የኔም አይደለምና አትንካው ማለት ነው። ሰውየው አፍሮ ይመለሳል።

አሁን አንድ ድርጅት መዝናኛ ልሥራበት ብሎ ጠየቀ። ሰዎቹ ከሊፋን በርና መስኮት ከሚበይድበት ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር በመኪና ወሰዱት፤ ሰንጋ ተራ ፎቅ ላይ አውጥተው የሚሽከረከር ወንበር ላይ አስቀመጡት። «እርስዎ የአገሩ ሰው ነዎት፤ ደኑ የማነው?» አሉት። የመዝናኛው በርና መስኮት ሥራ የእሱ እንደሚሆንም ሹክ አሉት። ከሊፋ ሆዬ እግሩን አነባብሮ፣ «የማንም አይደለም» አለ።

የከተማ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ቆርቆሮና ሚስማር ይዞ ሊያጥር ነው የሚሮጠው። ጺሙ ልደታ ላይ የሸበተ ሰው ይህን አያውቅም ብሎ የሚምል ካለ ይማል! ማታ ለሚስቱ ለመይሙና በኩራት ሲያወራላት እሷ የመለሰችለት «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ብላ ብቻ ነበር። ኩራቱ ያን ጊዜ ጠፋ፤ እፍረቱ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ሐጂ በመጡ ማግስት አጎትና ልጅ ጉዳዩን የሚያየው ቢሮ ቀረቡ። ኃላፊዋ፣ «ድርጅቱ ደኑ ባለቤት የለውም ይላል። ይህን የተናገሩትም አቶ ከሊፋ ናቸው» አለች።

ከሊፋ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሐጂ ግን በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡና ሳቁ።

«እውነቱን ነዋ! እኛ ዘንድ የማንም አይደለም ማለት አትንኩት ማለት ነው። ልጄ ፎቅ ላይ ብቻውን ቆሞ ደናችንን ሲጠብቅ፣ እነሱ የሰጣቸው መሰላቸው!»

ኃላፊዋ ወደ ከሊፋ ዞረች። «እንዲያ ለማለት ነው?»

እውነቱን ቢናገር ደኑ ሊሄድ ነው። ቢዋሽ ደኑ ይተርፋል፣ እሱም ይመሰገናል። እንዲህ ያለ ቅጣት አይቶ አያውቅም።

«አዎ» አለ።

የድርጅቱ ጥያቄ ወደቀ፤ ደኑ እንደ ጥንቱ በአገሬው ጥበቃ እንዲቆይ ተወሰነ። ሐጂ እስከ ቤት ድረስ ላገኙት ሁሉ የእህታቸውን ልጅ ጀግንነት እያወሩ ሄዱ።

ራት ላይ፣ «ከሊፋ» አሉት፣ «በየዓመቱ አገሬው ደኑ ዳር ሲሰበሰብ ቃሉን የሚጠራው አንድ የተከበረ ሰው ነው። ዘንድሮ አንተ ነህ። እስቲ በላት፣ እዚሁ ልስማት።»

ከሊፋ አፉን ከፈተ። ያቺ ፎቅ ላይ እንደዚያ የቀለለችው ቃል አሁን አልወጣ አለች። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አንገቱን ደፋ።

«ምን ሆነ?» አሉ ሐጂ።

መይሙና ባሏን ቁልቁል አየችው። «አፍሮ ነው» አለች።

«ይፈር እንጂ! ጨዋ ልጅ ሲመሰገን ያፍራል» አሉና፣ እጃቸውን አንሥተው መረቁት።