ሚሳኤሉን የቆረጠ ሰው

ባሌ ዛኻር የኒውክሌር ሚሳኤል ክፍል መኮንን ነበር። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ዩክሬን ያንን መሣሪያ ስትፈታ፣ ቆራርጠው ከጣሉት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ያን ጊዜ የሰፈሩ ሰው አበባ ይዞ መጥቶ "እንኳን ደስ ያለህ" ብሎታል። ሩሲያ ጦርነት ከከፈተችብን ወዲህ ግን ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ "ዛኻር፣ መጋዝህን አውሰን፤ የምንቆርጠው እንጨት አለን!" ይሉታል። እኔ ብሆን ልክ ልካቸውን እነግራቸው ነበር፤ እሱ ዳቦውን ገዝቶ ይመለሳል።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን የስቴፋኒያ ልጅ የናዛር አስከሬን ከግንባር መጣ። በእኛ አገር ሬሳ ሳጥኑን የሚሸከመው ዘመድ ሳይሆን ጎረቤት ነው፤ እናትየዋ በየክንዳቸው ጥልፍ ፎጣ ታስርላቸዋለች። ናዛርን ብስክሌት ያስተማረው ዛኻር ነበርና "ሳልሸከመው አልቀርም" አለ።

"ተው፣ በሰው ፊት ያዋርዱሃል" አልኩት። ሰማኝ እንዴ!

በቀብሩ ቀን ስቴፋኒያ ግቢዋ ውስጥ ለአምስቱ ተሸካሚዎች ፎጣውን አሰረችላቸው። እሱ ዘንድ ስትደርስ ፎጣውን እንደያዘች ቆመች።

"ጋሼ ዛኻር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ያንን ነገር ባይቆርጡት ኖሮ ልጄ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር?"

እኔ በሆዴ "ዋሽ! አንዴ እንኳ ዋሽ!" እላለሁ። "የመተኮሻው ቁልፍ ሞስኮ ነበር፣ ለእኛ አይሠራም ነበር" ቢላት ነገሩ ያልቅ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚለው ነው።

"ምናልባት ይኖር ነበር" አላት። "ምናልባት ፈርተውን አይመጡም ነበር። እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጥኩት አንድ ከተማ ላይ አነጣጥሬ ነው። እዚያም እንዳንቺ ያሉ እናቶች ነበሩ። ስቆርጠው ደስ ብሎኝ ነበር፣ ልጄ። አሁን ተጸጸትኩ ብልሽ ውሸት ነው።"

ከኋላ አንዱ "አስወጡት!" ብሎ ጮኸ።

ስቴፋኒያ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ፎጣውን ክንዱ ላይ ጠመጠመችና በሁለት እጇ ስባ አጠበቀችው።

"እንግዲያው ተሸከመው" አለችው፣ ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው። "ተሸከመውና ክብደቱን እወቀው።"

ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። መንገድ ላይ ካለው ድልድይ ሲደርሱ ወጣቶች ሊያግዙት መጡ፤ እስከ መቃብሩ ድረስ ለማንም አላስረከበም።