የልጄን ብረት እጠብቃለሁ

ረድኤት ደምሴ ግትር ናት፤ ይህን ደግሞ እሷም አትክደውም። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ወልቂጤ ላይ አንዲት ጠባብ ላብራቶሪ ውስጥ ከብረት ጋር ስትጣላ ኖረች። ብረቱ የተሰበረ አጥንት ለመጠገን ሰውነት ውስጥ የሚገባው ዓይነት ነው። እሷ የምትፈልገው ከፀጉር እጅግ የሚቀጥን ስስ ሽፋን አልብሳው፣ ሰውነት እንደ ባዕድ እንዳይቆጥረው፣ ሥጋም እንዳይቆጣበት ማድረግ ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው! ሽፋኑ ግን አልያዝ አለ። ቀብታ አድርቃ በማይክሮስኮፕ ስታየው ጠርዙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቶ ታገኘዋለች። ላዩ ላይ ያሳረፈቻቸው ሕያው ሴሎችም ሦስት ቀን ሳይሞላቸው ያልቃሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን የመመረቂያ ጥናቱን ርዕስ ቀይሮ፣ ተመርቆ ይገላገል ነበር። አማካሪዋም ይህንኑ መክረዋታል። ምን ያደርጋል፣ እሷ ያንን ብረት ባየች ቁጥር የሚታያት የእናቷ እግር ነው።

እናቷ ወይዘሮ ወርቅነሽ ቡታጅራ ላይ ማንም የማይቀድማቸው እግረኛ ነበሩ። መስቃን እህታቸው ዘንድ ሁለት ሰዓት በእግራቸው ሄደው፣ በርበሬ ለቅመው፣ ተጫውተው፣ በዚያው ቀን በእግራቸው የሚመለሱ ሴት! ከሦስት ዓመት በፊት የተሳፈሩበት ባጃጅ ተገለበጠና ጭናቸው ተሰበረ። ብረት ገባላቸው፤ ሰውነታቸው እምቢ አለ። እግሩ አበጠ፣ መገለ፣ ብረቱም ወጣ። አጥንቱ ሳይገጥም እሳቸውም በክራንች ቀሩ።

ሐኪሙ ለሰውነት የሚስማማ ሌላ ዓይነት ብረት አለ፣ ደግመን እንሞክር ብሎ ለመናቸው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በቅርቡማ «ጡንቻው እየሟሸሸ ነው፤ ይህ ዓመት ካለፈ እግሩ አይመለስም» ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። የሳቸው መልስ ያው ነው፦

«የልጄን ብረት እጠብቃለሁ።»

ረድኤት ይህን ከአባቷ ሰምታለች። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደስ ብሏታል። ደውላ «እማዬ፣ የኔን አትጠብቂ» ማለት ሲገባት ዝም አለች። የእናቷ እርምጃ ናፍቋት ነዋ! ገበያ የሚወጡ እናቶችን ከኋላ ባየች ቁጥር ሆዷ ይባባል። እናቷ ከፊት፣ እሷ ከኋላ እያለከለከች፣ «ፈጠን በይ እንጂ፣ ምን ትጎተቺያለሽ!» የሚለውን ቁጣ መስማት አማራት። ያንን ቁጣ የሚሰጣት ካለ የተጠየቀችውን ሁሉ ትሰጥ ነበር።

አባቷ አቶ ደምሴ በርና መስኮት የሚሠሩ የብረት ባለሙያ ናቸው። ልጃቸው ከላብራቶሪ የምትልክላቸውን የሙከራ ብረት በሳንቲም ልክ እየቆረጡ፣ በሞረድ እያሻከሩ መልሰው የሚልኩላት እሳቸው ናቸው። በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በሚኒባስ ሹፌሩ በሰማን እጅ ይመጣል። አንድ ቀን ረድኤት ጨርቁን ስትፈታ እጇ ወዛ። ወዲያው ደወለች።

«አባዬ፣ ብረቱን ዘይት ታስነካዋለህ እንዴ?»

«እኔ? ምን በወጣኝ! በሳሙና አጥቤ ነው ለእናትሽ የምሰጣት።»

«እማዬ ደግሞ ምን ታደርገዋለች?»

«ትጠቀልለዋለች። ቅቤም ታስነካዋለች።»

«ምን?!»

«ቅቤ ነዋ! የክትፎ ቢላ እንኳ ቅቤ ሳይነካው አይቀመጥም፣ ይሄ የሰው ሥጋ ውስጥ የሚገባ ደረቁን እንዴት ይሄዳል ትላለች። አንድ በአንድ እኮ ነው የምትቀባው፤ እየጸለየችበት።»

ወይ ጉድ! ረድኤት ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። እሷ በአልኮል ጠርጋው ጸድቷል ብላ ነበር፤ ቅቤው ግን የሞረዱ ጭረት ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። ሳቋም ለቅሶዋም እኩል መጣ።

«አባዬ፣ ሽፋኑን አላስይዝ ያለው እሱ ነው። ለእማዬ ግን እንዳትነግራት። በጌታ ይዤሃለሁ፣ መቼም እንዳትነግራት!»

ከዚያ በኋላ አባቷ ብረቱን በቀጥታ ለሰማን ሰጡት፤ እሷም ቅባት በሚያለቅቅ ኬሚካል ደጋግማ አጠበችው። ሽፋኑ ያዘ። ቧጠጠችው፣ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈችው፣ ንቅንቅ አላለም። በሦስተኛው ቀን ማይክሮስኮፑ ላይ ብትደፋ ሴሎቹ ሽፋኑን ጨብጠው፣ ተዘርግተው፣ ተራብተው አገኘቻቸው። ብቻዋን እልል አለች። ቅዳሜ ጠዋት በሰማን ሚኒባስ ተሳፍራ ቡታጅራ ገባች።

እናቷ ክራንቻቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። አባቷም ድምጿን ሰምተው ከሥራ ቤታቸው ወጡ።

«እማዬ፣ ያዘ! ሴሎቹም ተስማማቸው!»

«ጌታ ይመስገን! እሰይ የኔ ልጅ!» ወይዘሮ ወርቅነሽ ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት።

አቶ ደምሴ ጥቁር እጃቸውን በቱታቸው እየጠረጉ ፈገግ አሉ። «እንግዲያው የእናትሽን መቼ ነው የምናስገባው?»

በመንገድ ሁሉ ስትዘጋጅበት የመጣችው ንግግር ድራሹ ጠፋ።

«አባዬ… ገና ነው። በእንስሳ ይሞከራል። ከዚያ ፈቃድ፣ ከዚያ በጥቂት ሰው። አሥር ዓመት ሊፈጅ ይችላል።»

«አሥር ዓመት!» አባቷ በሩን ደገፍ አሉ። «ታዲያ ለማን ነው የምትሠሪው?»

«ለሌላ ሰው። ገና ላልተሰበረ ሰው።»

ረድኤት እናቷ እግር ሥር ቁጭ አለች፤ ቀና ብላ ማየት አፈረች። «ቀድሜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ስትጠብቂኝ ደስ አለኝ፣ እማዬ። ላንቺ ብዬ ነው እኮ የጀመርኩት። አንቺ እንድትሄጂ ብዬ!» እንባዋ መጣ።

«እንደማይደርስልኝ አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ ወርቅነሽ።

«ማን ነገረሽ?»

«ሐኪሙ ነዋ። ዓመት አለፈው። የልጅሽ ሥራ ላንቺ አይደርስም፣ አትሞኚ አለኝ።»

ረድኤት ብድግ አለች። «ታዲያ ምን አስቀመጠሽ? ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ትጠብቂያለሽ? እግርሽ እኮ እያለቀ ነው!»

«አትጩሂብኝ። በየስልኩ አልያዝ አለ፣ አልያዝ አለ ስትዪ እሰማሽ የለም? ልትተዪው አንድ ሐሙስ ቀርቶሽ ነበር። የሌላ ሰው ብረት አስገባሁ ብልሽ በማግስቱ ጥለሽው ትመጫለሽ። እናቴ እየጠበቀችኝ ነው ካልሽ አትተዪውም ብዬ ተቀመጥኩ።»

አቶ ደምሴ ፊታቸውን ወደ ግቢው አዞሩ። ረድኤት ስልኳን አወጣችና ለሐኪሙ ደወለች። ብዙ አላወሩም።

«ምን አለሽ?» አሉ እናቷ።

«ተስፋ አልሰጣችሁም አለ። ዘግይታለች አለ። ግን ሰኞ ትምጣና እንሞክር ብሏል።» ረድኤት ተመልሳ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች። «ትሄጃለሽ አይደል፣ እማዬ?»

«አሁንማ ያዘልሽ አይደል?» አሉ ወይዘሮ ወርቅነሽ። «እሄዳለሁ።»