አክስቴ የጣለችው አስ

ከአክስቴ የልብስ ስፌት ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ከበን አራት ሆነን ተቀምጠናል። አክስቴ ከታመመች ወዲህ ቀኝ እጇም አንደበቷም አልታዘዝ ብለዋታል። የሱቁ ቁልፍ ግን እንደ ድሮው አንገቷ ላይ ነው። ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ የመጣው ለዚያ ቁልፍ ነበር።

«እትዬ፣ ሱቁን የሚከራይ ሰው አግኝቻለሁ። ቁልፉን ስጪኝና እኛ ቤት መጥተሽ እረፊ» አላት።

አክስቴ የመጫወቻ ካርታውን ወደ እሱ ገፋችለት።

«እሺ፣ አንድ ጨዋታ። ከዚያ ቁልፉን» አለና መበወዝ ጀመረ።

የቤታችን ጨዋታ ቀላል ነው። ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ሰዎች አንድ ወገን ናቸው፤ እኔ ከአክስቴ፣ አጎቴ ከሚስቱ። ጀማሪው አንድ ካርታ ይጥላል። ሌሎቹ ያንኑ ዓይነት (ልብ ከሆነ ልብ፣ ዳይመንድ ከሆነ ዳይመንድ) ከያዙ ያንኑ መጣል ግዴታቸው ነው፤ ያልያዘ ያሻውን ይጥላል። ከተጀመረው ዓይነት ትልቁን የጣለ አራቱንም ይሰበስባል፣ ቀጣዩንም ዙር ይጀምራል፤ የሁሉም ትልቅ አስ ነው። ብዙ ዙር የሰበሰበ ወገን ያሸንፋል። ስለያዙት ካርታ ማውራት ክልክል ነው።

አጎቴ ካርታዋን ሊይዝላት እጁን ሲዘረጋ በግራ እጇ ቸብ አደረገችው። የልብስ ብሩሿን ገልብጣ ካርታዎቹን አንድ በአንድ ፀጉሩ መሃል ሰካቻቸው።

«አይ እትዬ፣ ብልሃቱ መቼ ጠፍቶሽ» አለች የአጎቴ ሚስት እየሳቀች።

ጨዋታውን ያስተማረችኝ አክስቴ ናት። «የተጠየቅከው ሲጠፋህ፣ ከጠነከርክበት ዓይነት ትልቅ ጣል። እኔ አይቼ እረዳለሁ» ትለኝ ነበር፣ መናገር በምትችልበት ጊዜ። እናም ጨዋታው መሃል ላይ የተጠየቀው ዓይነት ቢጠፋኝ ዘጠኝ ልብ ጣልኩ። አየችው።

አራት ካርታ ሲቀረን አጎቴ በአንድ ዙር ይመራን ነበር። አስ ዳይመንድ ጀመረ። እኔ ትንሿን ዳይመንድ ጣልኩ። አክስቴ ዳይመንድ አልነበራትም፤ ከብሩሹ ላይ አስ ልብን ነቅላ ወረወረችው።

አጎቴ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አየሽ? አስ በከንቱ ጣለች። ታዲያ ይህቺ ሰው ሱቅ ትይዛለች?»

እኔም ለአፍታ ደነገጥኩ። ከዚያ እጄን አየሁ፤ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ጃክ፣ ሁሉም ልብ። አስዋን ብታስቀር ኖሮ የሚቀጥለውን ልብ ግዴታ ሆኖባት ራሷ ሰብስባ፣ በቀሯት ትናንሽ ጥቁር ካርታዎች ጨዋታውን ትልልቆቹን ለያዘችው ለአጎቴ ሚስት ታስረክብ ነበር። መንገዱን ለቅቃልኛለች።

አጎቴ እጁ ላይ ከልብ ሌላ አልነበረውም። አስር ልብ ጣለ። በንግሥት ወሰድኩት። በንጉሥ ደገምኩ። በጃክ ጨረስኩ።

አጎቴ የወደቁትን ካርታዎች በጣቱ ገፋ አደረጋቸው። «መቼም... ካርታ ነው» አለ። «ሱቅ ሌላ ነው። እትዬ፣ ቁልፉን...»

«ጋሼ፣ እሷ እኮ የኔን እጅ ሳታይ አውቃዋለች። እርስዎ አስ ስትጥል እያዩ አላወቋትም» አልኩት።

አክስቴ ብሩሹን አራግፋ ወደ ፊተኛው ክፍል ሄደች። ቁልፉን በግራ እጇ ታግላ አዞረችው፤ ስትገፋው የሱቁ ተጠቅላይ የብረት መዝጊያ እየተንጓጓ ወደ ላይ ወጣ። ከታመመች ወዲህ ያልገባው የመንገድ ብርሃን እስከ ጠረጴዛችን ደረሰ።

ተመልሳ ተቀመጠች። ቁልፉን አንገቷ ላይ መልሳ ካርታውን አጎቴ ፊት አኖረች። የተሸነፈ ነው የሚበውዘው።

በወዘ።