ሬዲዮ አንድ፣ ባትሪ ሁለት

እስከ 2001 ዓ.ም. ጥቅምት ድረስ ሶዶ የሚገኘው ጽሕፈት ቤታችን የጭነት መኪና ሁለት ደህና ባትሪዎች፣ ቁልፍ ሲዞር ወዲያው የሚነሳ ሞተር፣ እንዲሁም ከፋብሪካ ጀምሮ አብሯት የኖረ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅ ያላሰማ ሬዲዮ ነበራት።

በግምገማ ላይ ሹፌሩ ሚልክያስ «ወቅታዊ መረጃ ይጎድለዋል» ተባለ። ሬዲዮው ተበላሽቷል ቢልም የሰማው አልነበረም፤ እስከሚቀጥለው ግምገማ ካላሻሻለ መኪናዋን እንደሚነጠቅ ተነገረው። ለአዲስ ሬዲዮ ግዢ ግን ኮሚቴ ተቋቋመ።

ሬዲዮውን የሚሸጠውና የሚገጥመው ባለሱቅ ጃዕፈር የኮሚቴውን ሰብሳቢ አስጠነቀቀ።

«ጋሼ ኤርካሎ፣ ይኼ ባለ አሥራ ሁለት ቮልት ነው፤ መኪናዋ በሁለቱ ባትሪ ሃያ አራት ናት። የቮልት መቀነሻ ይጨመርበት።»

«ቅጹ ‹ሬዲዮ፣ አንድ› ነው የሚለው። መቀነሻ የሚባል የለበትም።»

«እንግዲያው ከአንዱ ባትሪ ብቻ ልስብላችሁ። ግን እሱ ብቻውን ይደክምና መንገድ ላይ ትቀራላችሁ።»

«መንገድ ላይ መቅረት እኛን አይመለከትም» አሉ አቶ ኤርካሎ፤ «እሱ የስምሪት ክፍል ሥራ ነው።»

ሬዲዮው ከአንዱ ባትሪ ብቻ እንዲስብ ሆኖ ተገጠመ። ሚልክያስ ሞተሩን አጥፍቶ ሳይቀር ዜና ሲያዳምጥ ሰነበተ። በግምገማው የተጠየቀውን ሁሉ መለሰ፤ «ከፍተኛ መሻሻል» ተብሎ መኪናዋ ጸናችለት።

በማግስቱ ማዳበሪያ ጭኖ ጉኑኖ ደረሰ። ከምሳ በኋላ ቁልፉን ቢያዞር ሞተሩ አልነሳ አለ። መካኒክ መጥቶ ሲለካ አንደኛው ባትሪ 12.6 ቮልት፣ የሬዲዮው ባትሪ 10.4 ቮልት ነበር። ሬዲዮው በዚያችው 10.4 ቮልት የሰባት ሰዓቱን ዜና እስከ መጨረሻው አሰማ።