እፈልግሻለሁ

የመምህሯ ባል አናጢ ነው፤ የሰው አገር ቋንቋ አይገባውም፤ ይህንንም በኩራት ይናገር ነበር። እሷ ደግሞ ለአዋቂዎች ስፓኒሽ አስተምራ ነው የምታድረው። አንድ እሑድ እራት ላይ «ኬሬር» የሚባል ግሥ አስተማረችው።

«ምን ማለት ነው?»

«መፈለግ። መውደድም።»

«ወይ ጉድ! አንዱን ቃል ደርበው ነው የሚያሠሩት? ደሞዙስ?»

ከዚያ ወዲህ «እወድሻለሁ» ማለት ቀረ። ድሮም አፉ ላይ ይከብደው የነበረ ነገር ነው፤ አሁን ማምለጫ አገኘ። ከወርክሾፑ ይደውልና «እፈልግሻለሁ» ይላታል። እሷም «እኔም» ብላ ትዘጋለች። ሌላ ሰው ቢሰማ ለጉዳይ የፈለጋት ነው የሚመስለው።

አንድ ማክሰኞ እያስተማረች ስልኳ ጮኸ። ተማሪዎቹ ፊት ኮስተር ለማለት እየሞከረች አነሳችው።

«እፈልግሻለሁ» አላት። ድምፁ ቀስ ያለ ነበር፤ እሷ ለፍቅር ሰጠችው።

«እኔም» አለችና ሳቋን እየዋጠች ዘጋችው።

ለካ ደረቱን ውጋት ይዞት ኖሯል። አብሮት የሚሠራው ቀለም ቀቢ ከምሳ ሲመለስ መጋዙ ሥር ወድቆ አገኘው። ሐኪም ቤት አልደረሰም።

በለቅሶው ሰሞን ቀቢው አጠገቧ እየተቀመጠ «እህቴ፣ ምነው ለአንዳችን እንኳ ደውሎ ቢሆን» እያለ ያለቅስ ነበር። ምን ትበለው? ደውሎልኛል፣ እኔ ግን እወድሻለሁ ያለኝ መሰለኝ ትበለው?

ሥራ ስትመለስ የመማሪያው መጽሐፍ ያንኑ ግሥ ይዞ ጠበቃት። ፊት የምትቀመጠው ነርስ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ከሁለቱ ትርጉም ቀድሞ የመጣው የቱ ነው? መውደድ ነው አይደል?»

መምህሯ ጠመኔ አነሳች።

«መውደዱ በኋላ የመጣ ነው» አለች። «የስፓኒሽ እናት ላቲን ላይ ሥሩ ፍለጋ ነው። ብድግ ብሎ መሄድ፣ ፈልጎ ማግኘት። ስፔኖቹና ፖርቹጋሎቹ መፈለግም መውደድም አደረጉት። ጣልያኖቹ ዘንድ ደግሞ መጠየቅ ሆኖ ቀረ። ምን ሆንክ ብሎ… መጠየቅ።» እንባዋ መጣ።

ነርሷ አጎንብሳ ስለምትጽፍ አላየችም። «እስቲ ምሳሌ ይስጡን» አለች።

መምህሯ ወደ ሰሌዳው ዞረች። በስፓኒሽ ልትጽፍ አስባ እጇ በገዛ ቋንቋዋ ጻፈ፦ «እፈልግሃለሁ»። የትኛውን ማለቷ እንደሆነ የጠየቃት የለም።