ሦስተኛው ስፖኪዮ

አባቴ መኪናቸውን ሳይዞሩ ተነስተው አያውቁም። ጠዋት እኔ ገና ፊቴን ሳልታጠብ እሳቸው ኮፈኑን ከፍተዋል። የሞተር ዘይቱን መለኪያ መዘው፣ በጨርቅ ጠርገው፣ መልሰው ከተው፣ እንደገና መዘው ያዩታል። የራዲያተሩን ውሃና የፍሬኑን ዘይት ሳያዩ ቁልፍ አይነኩም። አራቱን ጎማ ደግሞ በእርግጫ ሳይሆን በመዳፋቸው ነው የሚደበድቡት፤ ጎማ በእርግጫ የሚመታ ሹፌር ሚስቱንም ይመታል ባይ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሕዝብ አውቶቡስ ነድተው፣ አንድ ሰው ሳይጎዱ ጡረታ ወጥተዋልና ማን ይከራከራቸዋል?

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄን በጠዋት ስለምከፍት የስምንት ዓመቷን ልጄን ሚጡን ትምህርት ቤት የሚያደርሷት እሳቸው ናቸው። እውነቱን ለመናገር ይህ ተመችቶኝ ነበር። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ካወጣሁት ወዲህ ግን ዘጠኝ ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። እኔ ስነዳ አባባ አጠገቤ ተቀምጠው፣ በእሳቸው በኩል የሌለ ፍሬን ለመያዝ ወለሉን ሲረግጡ ማየት ሰልችቶኝ ነው የተውኩት።

የቀኙ ስፖኪዮ መጀመሪያ የተሰበረ ጊዜ ጥፋተኛው የሚገፋ ጋሪ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ የመብራት ምሰሶ ሆነ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ያ ምሰሶ ትናንት እዚያ አልነበረም» አሉ፤ እኔም ሳቅሁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ሦስተኛ ጊዜ ሲሰበር ግን ጥፋተኛም አልፈለጉለት። መስታወቱን በፕላስተር አጣብቀው ሁለት ቀን ነዱ። አባቴ ደግሞ በፕላስተር የሚነዱ ሰው አልነበሩም።

ቅዳሜ ሦስታችንም ወደ ጋራዥ ሄድን። መካኒኩን አገር ሁሉ ብሎን ይለዋል። ጎረምሳ ሳለ የአባቴ አውቶቡስ ረዳት ነበር። አንድ ቀን የጎማ ብሎን ጠፍታበት አባባ «ሳትገኝ ንቅንቅ አንልም» ብለው፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሣር ለሣር ሲፈልግ ዋለ። ዛሬ ጢሙ የሸበተ ባለ ጋራዥ ነው፤ ያቺ ብሎን ግን ስሙን ይዛበት ቀርታለች።

አዲሱን ስፖኪዮ ከገጠመ በኋላ፣ አባባ ለሁለቱ ሠራተኞቹ የፍሬን ሸራ እንዴት እንደሚታይ ሲያስረዱ (ማንም አልጠየቃቸውም)፣ እኔን ወደ መኪናው ቀኝ ጎን ጠራኝ።

«እህቴ፣ ነይማ። ይቺን ጎማ እዪልኝ።»

የፊቱ ቀኝ ጎማ ጎኑ ተልጦ ክሩ ወጥቷል። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ነው የላጠው። በሩ ላይ ከእጀታው በታች ረጅም ጭረት አለ፤ ከሥሩ ደግሞ በብሩሽ ቀለም የተቀባ ሌላ አሮጌ ጭረት። ብሎን አዙሮ ወደ ግራ ጎን ወሰደኝ። ግራው እንከን የለውም።

«መኪናዋ ምንም አልሆነችም» አለ። «ሞተሯ ከኔ ልብ ይሻላል። እዚህ መኪና ላይ ያልተመረመረው አንድ ነገር ሹፌሩ ነው።»

«ምን ማለትህ ነው?» አልኩት፤ ገብቶኝ ሳለ።

«ጋሼ በቀኝ በኩል አያዩም። ልጅቷ ደግሞ የምትወርደው በቀኝ በኩል ነው።»

የትምህርት ቤቱ በር ታየኝ። ጠዋት ጠዋት በቀኝ በኩል የሚንጋጋው የልጅ መዓት፣ የሚወድቅ ደብተር፣ ደብተሩን ሊያነሳ የሚያጎነብስ ሕፃን። እኔ ይህን ጊዜ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ።

«አንተ ንገራቸው» አልኩት።

«እኔ? እኔማ ብነግራቸው በመፍቻ ያባርሩኛል። ልጃቸው አንቺ አይደለሽ?»

«እኔንማ ያለ መፍቻ ነው የሚያባርሩኝ።»

ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንድ ሽማግሌ ፈርተን ተፋጠጥን። ብሎን እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየና «ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ቆይ፣ አንድ ነገር ልሞክር» ብሎ ወደ አባባ ሄደ።

«ጋሼ፣ የድሮዋን ትምህርት ለነዚህ ልጆች ቢያሳዩልኝስ?»

የአባባ ፊት በራ። የድሮዋ ትምህርት የምትባለው የራሳቸው ፈጠራ ነች። አዲስ ረዳት ሲመጣላቸው ሹፌር ወንበር ላይ ያስቀምጡትና አንገቱን እንዳያዞር ይከለክሉታል። ከዚያ እሳቸው አውቶቡሱን ቀስ ብለው ይዞሩታል። ረዳቱ በመስኮትም በስፖኪዮም ሲያያቸው «አሉ»፣ ሲሰወሩበት «ጠፉ» ይላል። ሹፌር ከዓለም ምን ያህሉ እንደሚጠፋበት ረዳት በዓይኑ ይይ ብለው ነው።

«ዛሬ ግን እርስዎ ይቀመጡ፤ እኔ ልዙር» አለ ብሎን።

«ጎሽ፣ ተማሪ አስተማሪ ሲሆን ደስ ይላል» አሉና ተቀመጡ። አዲሱን ስፖኪዮ ራሳቸው ወዲህ ወዲያ አድርገው አስተካከሉት።

ብሎን ከግራ በኩል ጀመረ። «አለህ» አሉ አባባ። ወደ ኋላ ሄደ። «አለህ። አለህ። ጠፋህ። አለህ።» ሠራተኞቹ ይስቃሉ። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ «ጠፋህ» አሉና «አያችሁ? ከኋላ በር አካባቢ ማንም ይጠፋል፤ ይኼ የታወቀ ነው» ብለው አስረዱ። ብሎን ወደ ፊት ተራመደ። የፊተኛው በር ጋ ደረሰ። አባባ ዝም። የፊት ጎማው ጋ ደርሶ ቆመ፤ እዚያ ቦታ የቆመን ሰው እንኳን ሹፌር፣ ኋላ ወንበር የተኛ ተሳፋሪም ያየዋል።

«አሁንስ ጋሼ?»

«ገና ነህ። ና እንጂ፣ ምን ያቆምሃል?»

የሠራተኞቹ ሳቅ ቆመ። ጨዋታው የጣማት ሚጡ በዚህ መሀል ሮጣ ብሎን አጠገብ ቆመች። ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ ታወዛውዛለች። አባባ ቀጥ ብለው ወደ ፊት ያያሉ።

«አያቴ፣ እኔስ አለሁ ወይስ ጠፋሁ?» አለች።

ድምፁ የመጣው እሳቸው ባዶ ነው ካሉት ቦታ ነው። አባባ አንገታቸውን ሙሉ በሙሉ አዞሩ። ልጅቷን አዩ፤ እጆቿ እንደተነሱ ናቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ የቆምሽው?»

«ከቅድም ጀምሮ። እጄ ዛለ እኮ።»

ወርደው መጡ። ልጅቷ የቆመችበት ቦታ ላይ ሄደው ቆሙና «አንቺ ግቢ» አሉኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ።

«ታዪኛለሽ? አንገትሽን እንዳታዞሪ።»

«አያለሁ አባባ።»

«ምን ያህሌን?»

መዋሸት አማረኝ። አንጀቴን በሉት። «ከወገብዎ በላይ ሙሉውን» አልኩ።

ቁልፉን ጉልበቴ ላይ አስቀመጡና ከሚጡ ጋር ኋላ ተቀመጡ። እስከ ቤት በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስለቀስኩ ነዳሁ፤ ሦስተኛ ለማስገባት እጄ አልታዘዝ አለኝ። አባባ ግን ወለሉን አንዴም አልረገጡም። ማታ ላይ «ሰኞ ዓይን ሐኪም ዘንድ ትወስጂኛለሽ» አሉ።

ሐኪሟ የእኔ እኩያ ብትሆን ነው። ግራ ዓይናቸውን በካርቶን አስሸፍና ግድግዳው ላይ ያለውን የፊደል ሰሌዳ እንዲያነቡ ጠየቀቻቸው። አባባ ከላይ ጀምረው ወረዱ። አንድም ቦታ አልተደናቀፉም። ጉንዳን የሚያካክሉትን የመጨረሻዎቹን ፊደላት ሳይቀር ለቀሟቸው። ብሎን ተሳስቷል፣ ጎማው በሌላ ምክንያት ነው የተላጠው፣ ሁሉም እንደ ድሮው ሊቀጥል ነው አልኩ በሆዴ። ሐኪሟም «በጣም ጥሩ ነው አባት» ብላ ብዕሯን አነሳች።

«አትጻፊው» አሉ አባባ።

ቀና ብላ አየቻቸው።

«በቃሌ ነው የኔ ልጅ። መንጃ ፈቃድ ሳሳድስ ያስነበቡኝ ሰሌዳ ይኼው ራሱ ነው። የዛሬ ዓመት ተራ እየጠበቅሁ በግራ ዓይኔ አጠናሁት። ሌላ ካለሽ አምጪልኝ።»

ሌላ አመጣች። በቀኝ ዓይናቸው የመጀመሪያዋን፣ ጡብ የምታህለውን ፊደል እንኳ ሊለዩ አልቻሉም። «ብርሃን አያለሁ» አሉ።

ተናደድኩ። አልዋሽም፣ ደሜ ፈላ። ዓመት ሙሉ እያወቁ ልጄን ጭነው! ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ያን ሰሌዳ አንብበው ብድግ ቢሉ ማን ያውቅባቸው ነበር? እኔ ራሴ ደስ ብሎኝ ቁልፉን እመልስላቸው ነበር። አፌን ዘጋሁ። ኮራሁባቸው፤ ንዴቴም ሳይበርድ ኮራሁባቸው።

«የዓይን ሞራ ነው» አለች ሐኪሟ። «ግራውም ጀማምሮታል። ግን በቀላሉ የሚወጣ ነው፤ ሦስት ሳምንት ቆይተው ይምጡ፣ ቀኙን እንሠራዋለን። ስለ መንዳት የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ እንደገና ለክቼዎት ነው። እስከዚያ መሪ አይነኩም።»

«መሪ ቀርቶ ቁልፉን አልነካም» አሉ።

ግቢው ውስጥ መኪናው ጋ ስንደርስ ቆሙ። አባቴ ማንንም ይቅርታ ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም፤ እናቴም ሳትሰማ ነው የሞተችው።

«ፈርቼ ነው» አሉኝ። «እሷን ማድረሱ ከቀረብኝ ጠዋት የምነሳበት ምን ይኖረኛል ብዬ ነው። ይቅር በይኝ ልጄ።»

ወደ መኪናው ጠቆምኳቸው። ከፊታችን ግንብ ነው፤ ከኋላችን በስተቀኝ ትልቅ የጭነት መኪና ቆሟል። እኔ ደግሞ ወደ ኋላ መንዳት ከድሮም አልችልም።

«ያውጡኝ አባባ» አልኩ።

ከዚያ ወደ ኋላ ሄደው ዙሪያውን ቃኙ። መጀመሪያ የቆሙበትን ቦታ ተዉትና የጭነት መኪናው በጤነኛ ዓይናቸው በኩል እስኪሆንላቸው ድረስ ተዟዟሩ። ሞተሩን አስነሳሁ። በስፖኪዮ ውስጥ ሁለት እጃቸው ተነስቶ ታየኝ።

«ነይ» አሉ። «ነይ፣ ነይ። መሪውን ወደ ግራ። ቀስ በይ፣ ማን ያባርርሻል? ነይ።»