አንዴ የተጫነ የድረሱልኝ ቁልፍ

ፕሮግራም ጸሐፊው ኦስሞ ደክሞታል። የአንድ ቀን ድካም አይደለም፤ የከረመ፣ አጥንት ውስጥ የገባ ነው። ፕሮግራሙ ከማዘጋጃ ቤቱ የነርሶች አገልግሎት ጋር የሚነጋገርበት ቴክኒካዊ መግለጫ ስለተለወጠ፣ እንደ ወትሮው የጃቫ ኮድ መጻፊያውን ከፈተና የአዲሱን መግለጫ አድራሻ ለጥፎ «ደንበኛ ፍጠር»፣ ማለትም የመገናኛውን ኮድ ጻፍ፣ የሚለውን ተጫነ። መሣሪያው ኮዱን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አዲስ አድርጎ ጻፈው። ይህ ኮድ የአረጋውያንን የድረሱልኝ ጥሪ ለተረኛ ነርሶች የሚያደርስ ነው። የኦስሞ አባት አቶ ያልማሪም የድረሱልኝ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል።

በመሣሪያው የተጻፈ ፋይል ሁሉ አናቱ ላይ «በእጅ አትንኩ፣ ይጠፋል» ይላል። ኦስሞ ይህን ለባልደረቦቹ ሲሰብክ የኖረ ሰው ነው። ባለፈው ጸደይ ግን የነርሶቹ ሰርቨር አልፎ አልፎ መልስ ሲነሳው፣ እዚያው ፋይል ውስጥ «ደግመህ ሞክር» የሚሉ ጥቂት መስመሮች ሸጎጠ። በኋላ ወደ ራሴ ፋይል አዛውራቸዋለሁ አለ። በዚህ ሙያ «በኋላ» የተባለ ነገር ተቀበረ ማለት ነው።

በማግስቱ ጎረቤታቸው ሄልካ ደወለች። አባቱ ኩሽና ውስጥ ወድቀው አግኝታቸዋለች። ኦስሞ በረዶውን እየጣሰ ደረሰ። ሽማግሌው ዳሌያቸው በልዞ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«አባዬ፣ ቁልፉን አልተጫኑትም?»

«ተጫንኩት እንጂ። ማንም አልመጣም።»

«ታዲያ ለምን አልደገሙትም?»

«አንዴ ጠርቻለሁ። ነርሶቹ ቡና ላይ ይሆናሉ አልኩ። ሰው ይጨቀጨቃል እንዴ?»

«ይኼ ሰውዬ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ‹ካልተቸገራችሁ› ብሎ ነው የሚጣራው!» አለች ሄልካ።

ኦስሞ አልሳቀም። ጥሪው አንዴ ሄዶ መልስ ሲያጣ ቀርቷል፤ ደግመው የሚሞክሩትን መስመሮች ትናንት በገዛ እጁ አጥፍቷቸዋል። አፈረ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባዬ።»

«እሺ» አሉ አባቱ።

ላፕቶፑን ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ መስመሮቹን እንደገና ጻፈ፤ አሁን ግን መሣሪያው በማይደርስበት በራሱ ፋይል ውስጥ። ለቢሮ ልኮ ሥራ ላይ እስኪውል ጠበቀ።

«አሁን ይጫኑት።»

«ደህና ነኝ እኮ። ለምን ሰው አስቸግራለሁ?»

«ለእኔ ሲሉ።»

ተጫኑት። ጥቂት ሰከንዶች አለፉ። ከዚያ ከግድግዳው የጥሪ ሳጥን የተረኛዋ ነርስ ድምፅ መጣ፦ «አቶ ያልማሪ፣ ምን ሆኑ?»

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩት።

«እኔ ምንም አልሆንኩም» አሉ። «ልጄ ነው። በጣም ደክሞታል።»